የሞተር ሳይክሉ በርኖስ

ባለቤቴ ያረፈ ዕለት ሊገንዙት የገቡት ሰዎች ክር ጠየቁኝ። ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አገናኝተው ሊያስሩ ነው። ወጉን አውቃለሁ፤ አባቴንም እናቴንም እንደዚያ ነው የሸኘኋቸው። ጥቅልሉን ከሳጥን አውጥቼ ጥቂት በእጄ ይዤው ከቆምኩ በኋላ ግን «እጁን አትሰሩት» አልኳቸው። ከገናዦቹ አንዱ ሐዘኑ ያናወዘኝ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊያስረዳኝ ሞከረ።

«እግሩን እሰሩ» አልኩት። «እጁ አንድ ጊዜ ታስሯል፤ ይበቃዋል።»

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም ልጆቼም ምን ማለቴ እንደሆነ ይጠይቁኛል። በአፌ ልናገረው ስጀምር መሐል ላይ እተወዋለሁ። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ እጄ ሲዝል አቆማለሁ፣ ሲሻለው እቀጥላለሁ።

አሰላ የመጣነው ተጋብተን ብዙም ሳንቆይ፣ የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ክረምቶች ሲቀሩት ነው። ሁለታችንም የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጆች ነን። እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር፤ እሱ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ገበሬው ሐኪም ይለዋል፤ እሱ «ሐኪም አይደለሁም» ይላል፤ የሚሰማው ግን አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት የሚሄደው በበቅሎ ነበርና ወጥቶ ሲቀር ሳምንት ያልፋል። የመጀመሪያ ፅንሴ የወረደው እንዲህ ገጠር በከረመበት ጊዜ ነው። ዝናቡ በሩን እየደበደበው፣ ወለሉ ላይ፣ ብቻዬን። ሲመለስ ደሙን ከሳንቃው ላይ ፍቄ ጨርሼ ነበር። ቁጭ ብሎ ሳንቃውን ሲያይ ዋለ።

በሁለተኛው ዓመት ለመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክሎች መጡ። ለእሱ የደረሰው ጥቁር አረንጓዴ ነበር፤ የቤንዚን ታንኩ እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል። ሞተር ማለት ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠዋት ኢተያም ይሂድ ሮቤ፣ ማታ ቤቱ ይገባል። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ፀንሼ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ቀድሞ ወታደር የነበረ፣ ከእጁ ዱላ የማይለይ ሰው ነው። ሞተሮቹን ሲያስረክብ ሠራተኛውን ግቢው ውስጥ አሰልፎ፣ ቀለሙ ላይ ጭረት የተገኘበት ሰው ቁልፉን መልሶ ጄጁ ቆላ ወርዶ አርቦዬ እንደሚቀመጥ፣ ሥራውንም በበቅሎ እንደሚሠራ ነገራቸው። ከሩቅ የሚመጡ ጎብኚዎች ሞተሮቹን እንደ አዲስ ሆነው ካገኟቸው ሌላ ይጨምሩልናል ብሎ ነው። ቀልድ አልነበረም። ወር ሳይሞላ አንድ ባልደረባቸው ጆንያ አንጠልጥሎበት የጆንያው ማሰሪያ ሽቦ ታንኩን ሞነጨረው። አለቃው ሰው ሁሉ እያየ በዱላው ትከሻውን መታው። ሰውየው ሲንበረከክ ደገመው፤ ከትከሻው አጥንት የወጣውን ድምፅ ከአጥር ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። በማግስቱ አራስ ሚስቱንና ፍራሹን ጭኖ ወደ አርቦዬ ወረደ። እዚያ ያን ጊዜ ወባ ነበር፤ ለወላድ የሚሆን ክሊኒክ ግን አልነበረም።

እንግዲህ ባለቤቴ የመድኃኒት ጠርሙሱን፣ መርፌውንና ገመዱን በምን ይያዝ? በጀርባው ሲያዝለው ኮረኮንቹ ላይ ጠርሙሱ ተሰብሮ ወገቡን ቆረጠው። ለሞተሩ ከረጢት ማሠራት ነበረበት፤ ከረጢቱ ደግሞ ቀለሙን መንካት የለበትም።

ገበያው ዳር ኮርቻ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአርሲ ሰው፣ እስላም፣ አማርኛቸውን በኦሮምኛ እያዋዙ የሚናገሩ። ሞተሩን ገፍተን ስንወስድላቸው እንደሚገዛ ፈረስ ዙሪያውን ዞሩት፤ መቀመጫውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ።

«ገና ውርንጭላ ነው አባባ» አለ ባለቤቴ።

«ይራገጣል?»

«እኔን ሳይሆን አለቃዬን ይፍሩ።»

ሳቁና መለኩት። ከመቀመጫው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ሁለት ከረጢቶች ከበሬ ቆዳ ሰፉ፤ በሰፊ ቆዳ ተያይዘው መቀመጫው ላይ ያልፋሉ። የቀረው ማሰሪያው ነበር። ኮርቻ የሚታሰረው በጠፍር ነው፤ ጠፍር ደግሞ ውሃ ጠጥቶ፣ ለስልሶ፣ ተወጥሮ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ብረት ይጠብቃል። እሳቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኛም አልጠየቅንም፤ በአገራችን አልጋም የሚወጠረው፣ ቀንበርም የሚታሰረው እንደዚያ ነው። ጠፍሩን በታንኩ ጀርባና በሻንሲው ዙሪያ አሳልፈው፣ እግራቸውን ደግፈው ሳቡና ቋጠሩት።

ቅዳሜ ነበር። ይድረቅ ብለን ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆምነው። እኩለ ቀን ሲሆን ግቢው ውስጥ የሚንቋቋ ነገር ሰማሁ። ብወጣ ከረጢቶቹ ወደ ውስጥ ተስበው ታንኩን ከሁለት ወገን ነክሰውታል፤ ጠፍሩ እንደ ቢላ ቀጥኖ ቀለሙ ውስጥ ሊገባ ነው። ባለቤቴን ተጣራሁ። የሽንኩርቱን ቢላ ይዞ ወጣና ቆረጠው፤ ጠፍሩ ሲበጠስ ዘሎ ጉንጩን ገረፈው። ደሙ እየወረደ ጎንበስ ብሎ ታንኩን አየ። የደበዘዘ መስመር ብቻ ነበር፤ ቀለሙ አልተነሣም። ተነሣና ቢላውን ግድግዳው ላይ ወረወረው፤ የመታጠቢያውን ሣህን በእግሩ ደፈጠጠው። እንደዚያ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ ሆዴን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ንዴቱ በሳህኑ ላይ እንዳልነበረ ያን ጊዜም ገብቶኛል። ያ መስመር ትንሽ ቢጠልቅ ኖሮ እኔ እንደገና ብቻዬን ነበርኩ።

ሽማግሌው ሲሰሙ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጡ። መስመሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና «ፈረስ ይተነፍሳል» አሉ። «ሲጠብቅበት ሆዱን ይነፋል፤ ሲለቀው ይከሳል። ይኼ አይተነፍስም። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔም እሱም ረሳነው።»

መስመሩን በሻማና በለስላሳ ጨርቅ እያሸሁ አጠፋሁት። ከዚያ ማሰሪያውን በራሴ ሐሳብ ሠራሁት። ጎሚስታው ጋ ሄጄ የተጣለ ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ለምኜ በሰፋፊው ቆረጥኩት፤ ላስቲክ ይሳባል እንጂ አይነክስም። ከረጢቶቹ ብረቱን ለሚነኩበት ቦታ ደግሞ አባቴ ለአሰላ ብርድ ብሎ የሰጠኝን ጥቁር በርኖስ በመቀስ ቀደድኩት። መቀሱ ሲገባበት የአባቴ ድምፅ የመጣብኝ መሰለኝ፤ ግን አላቆምኩም። ደርቤ ከከረጢቶቹ ጀርባ ሰፋሁት። ከሞተሩ ጋር በቋሚነት አላሰርኩትም፤ አቧራ በመሐል ገብቶ ሲፈጭ ነው ቀለም የሚያልቀው። ማታ ማታ ከረጢቱን አውርደን፣ በርኖሱን በዱላ አራግፈን፣ ታንኩን መጀመሪያ በውሃ አለቅልቀን፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ እንወለውላለን። ዘለበቶቹን ወደ ውጭ አዞርናቸው። አንድ ቀን የታችኛው ጠርዝ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ነክቶ በርኖሱ ሲቃጠል መንገዱ ሁሉ የተለበለበ በግ ሸተተ፤ ከዚያ ከፍ አድርገን አሰርነው።

ሰፈሩ ተሳለቀብን። አንዷ ጎረቤቴ «ባልሽን በቡትቶ ትልኪዋለሽ፣ ለብረቱ በርኖስ ታለብሻለሽ» አለችኝ። «ብረቱ ነው የሚመልስልኝ» አልኳት።

የተረፈውን ጠፍር አልጣለውም። የሚከተቡትን ከብቶች የኋላ እግር ለማሰር ይጠቅመዋልና ጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ አስቀመጠው።

ያ ዘመን በኢተያ ሜዳ የስንዴ ትራክተር የበዛበት ነው። ባለ መሬቶቹ በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ጭሰኛው አላስፈለጋቸውም። ባለቤቴ ማታ ሲገባ ያየውን ይነግረኝ ነበር፤ ኋላ ኋላ መናገር ተወ፤ እኔ ግን ከከረጢቱ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቀን በርኖሱ በደም ተለውሷል። አልለቅም ብሎ ጎጆው ደጃፍ ላይ የተኛን ሰው የባለ መሬቱ ዘበኞች በጠመንጃ ሰደፍ አገጩን ሰብረውት፣ እሱ ከኋላው አፈናጥጦ ሐኪም ቤት አድርሶታል። ሌላ ቀን ከረጢቱ የተቃጠለ ሣር ይሸታል። ሰዎቹ ዕቃቸውን ሳያወጡ ዘበኞቹ ጎጆዎቹን አቃጥለዋቸው፣ አንዲት አሮጊት ለድመቷ ተመልሳ ገብታ ፀጉሯ ነዶ ወጥታለች። በርኖሱን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠብኩ፣ ደም ሙቅ ውሃ ካገኘው አይለቅምና፣ ይህ ሰው አንድ ቀን ሳይመለስ ይቀራል እል ነበር።

በአንዱ ርስት ላይ አባ ሰንጋ ገባ። የባለ መሬቱ ወኪል ባለቤቴን መንገድ ላይ አስቁሞ የጭሰኞቹን ከብት እንዳይከትብ አስጠነቀቀው። ከብቱ ከሞተበት ሰውየው ራሱ ጥሎ ይሄዳል፤ እኛም ዱላ አናባክንም አለው። ይህን እየሳቀ እንደተናገረ ባለቤቴ ነግሮኛል። በማግስቱ ሄዶ ከተበ። የቀሩትን ሊከትብ እንደገና ሲነሣ እኔ ስለ ሆዴ አስታወስኩት። «አስታውሳለሁ» አለና ወጣ። አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያየሁት አይደለም፤ እሱ በብዙ ዓመታት ውስጥ እየቆራረጠ ያወራኝን ነው የማገጣጥመው።

ትራክተሩ የዚያን ዕለት ጠዋት ጎጆዎች ላይ ወጥቶ ነበር። እሱ ሲደርስ የተገለበጠ ምድጃና የተደፋ ገብስ ከአፈሩ ጋር ታርሶ አየ። ዘበኞቹ ከበቡት። አንዱ በሰደፉ ወገቡን ሲመታው ሞተሩ ላይ ሊወድቅ ነበር፤ ወኪሉ ግን ጮኸ፤ ሞተሩ የመንግሥት ነው፣ እንዳትነኩት። እናም ወገቡን ይዞ ወርዶ፣ ሞተሩን በማቆሚያው ላይ በጥንቃቄ እንዲያቆመው ጠበቁት። ከዚያ ነው መሬት ላይ ጥለው የደበደቡት፤ ሁለት ጥርሱን አፈር ላይ ተፋ። ወኪሉ ከረጢቱን ከፍቶ ጠፍሩን አገኘና በጣቱ አንጠልጥሎ ተመለከተው፤ በርኖሱንም ዳሰሰው።

«ለብረት በርኖስ ያለበስክ ሰው፣ ለራስህ ምን ይዘሃል?» አለው።

ጠፍሩን ወንዝ ልኮ አስነከረው። ሁለት እጆቹን ከአጥሩ ግንድ ጋር አጣብቀው፣ እርጥቡን ጠፍር በእግራቸው ደግፈው ስበው ቋጠሩት። ፀሐይዋ ገና እየበረታች ነበር። አስረውት ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ሌላ ምንም ማድረግ አላስፈለጋቸውም።

ያን ቅዳሜ ጠፍሩ ሲኮማተር ግቢያችን ውስጥ የሰማነውን ድምፅ ነው እጁ ላይ የሰማው። መጀመሪያ ጣቶቹ ቀዘቀዙ፣ ቀጥሎ ጥቁር ሰማያዊ ሆኑ፣ ቀጥሎ የሱ አልሆኑም። ቆዳው ተከፍቶ ጠፍሩ ሲገባ አየው።

ጎጆዋ ያን ጠዋት ከታረሰባት ሴቶች አንዷ እንስራ ተሸክማ ከወንዝ መጣች። አጠገቡ ስትደርስ ተደናቀፈችና ውሃው እጆቹ ላይ ተደፋ። ዘበኞቹ ሳቁባት። ሄዳ ቀድታ ተመለሰች፤ እንደገና ተደናቀፈች። ጠፍር ከረጠበ እንደሚለሰልስ እሷ ታውቃለች፤ ዘበኞቹም የገበሬ ልጆች ናቸውና ገባቸው። አንዱ እንስራውን በሰደፍ ሰባበረውና ክንዷን በዱላ መታት። ክንዷ ታጠፈ። ሄደች፤ አበቃ ብሎ አሰበ። ሻሿን ወንዝ ነክራ መጣች። በደህናው እጇ ይዛ፣ አንደኛውን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ እጆቹ ላይ ጨመቀችው። መቷት፤ ወደቀች፤ ተነሥታ ወደ ወንዙ ሄደች። እንዲህ ስትመላለስ ዋለች። ጀርባዋ ላይ ቀሚሷ ተቀዶ ከሥጋዋ ጋር ተጣብቋል። አንድ ቃል ብቻ ነው የነገረችው። «ኦብሲ» አለችው። ቻለው ማለት ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የሚመታት ዘበኛ ዱላውን ጣለና ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ። ወኪሉም ምሳውን በልቶ ወደ ከተማ ሄዶ ነበር። ሌላው ዘበኛ መጥቶ ጠፍሩን ቆረጠው።

እጀታ መጨበጥ አልቻለም። ጭሰኞቹ ሞተሩን እየገፉ መንገድ አወጡለትና ስንዴ በጫነ መኪና ላይ አሳፈሩት። ሞተሩን ሲጭኑ ምን እንዳደረገ የነገረኝ ሾፌሩ ነው። ይህ ደም የሚተፋ ሰው ጭነቱ ላይ ወጥቶ፣ ከረጢቶቹን በጥርሱ እየጎተተ፣ በርኖሱን በታንኩና በመኪናው ብረት መሐል ሸጎጠው። ሾፌሩ አብዷል ብሎ ሲያወርደው «ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት» አለው። ሾፌሩ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም። ደጄ ላይ ሲያወርደው ይህን ነገረኝና እኔ በሩን ይዤ ቀረሁ።

ሰኞ ጠዋት አለቃው ሞተሮቹን ይፈትሻል። እጆቹን በነጠላ ጠቅልዬ ሞተሩን ጎረቤት ገፍቶልን አብሬው ሄድኩ፤ ቁልፍ መያዝ ስለማይችል። ባለቤቴ የደረሰበትን ተናገረ። አለቃው እየሰማ ታንኩን ዞረው። በመዳፉ ጠረገው። ጎንበስ ብሎ በፀሐይ አንጻር አየው።

«ጎበዝ» አለ። «አንድ ጭረት የለበትም። ሠራተኛ ማለት እንዲህ ነው።»

«እጁን ይመልከቱት» አልኩ።

«እመቤት፣ ከባለ መሬት ጋር ምን አገናኘው? ንብረቱ ደህና ነው፤ ሞተሩ የእሱ ነው። ቁልፉን ስጪው።»

ያ ሁሉ የለፋሁበት ነገር በእጄ ገብቶ ነበር። ማታ ማታ ይመለሳል፤ ብቻዬን አልወልድም። ቁልፉን ለባለቤቴ ዘረጋሁለት። ሊቀበለኝ እጁን አወጣ፤ ጣቶቹ አልታዘዙትም፣ ቁልፉ መሬት ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው ሞከረ። እንደገና ወደቀ። ሠልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። አንሥቼው፣ ጫፉን ታንኩ ላይ አሳርፌ፣ ከፊት እስከ መቀመጫው ድረስ ሳብኩት። ቀለሙ እየተጠቀለለ ወጣ፤ ከሥሩ ያለው ብረት ነጭ ነበር።

አለቃው ዱላውን አነሣብኝ። ባለቤቴ በመሐላችን ገብቶ እጆቹን ወደ ላይ አነሣ፤ ዱላው የተጠቀለለው ነጠላ ላይ አረፈ። አልጮኸም። እኔ ነኝ የጮኽኩት።

ወደ አርቦዬ ወረድን። ከእኛ በፊት የወረደው ባልደረባና ሚስቱ አንዱን ክፍል ለቀቁልን። የመጀመሪያ ልጃችንን የወለድኩት እዚያ፣ በእሷ እጅ ነው። ወባም ያዘን፤ ተረፍን። ባለቤቴ በበቅሎ መሄዱን ቀጠለ፤ ሲወጣ ይከርማል፤ እኔ ግን ያቺን ውሃ ስታመላልስ የዋለች ሴት እያሰብኩ አልፈራም ነበር። የንጉሡ ዘመን ሲያበቃ ባለ መሬቱና ወኪሉ አካባቢውን ለቀቁ። ባለቤቴ ተመልሶ ሴትዮዋን ፈለጋት። ከጎጆዎቹ የተነሡት ሰዎች ወደ ባሌ ሄደዋል አሉት። ባሌ ድረስ ሄዶ ጠየቀ፤ ስሟን አያውቅምና በተሰበረው ክንዷ ነበር የሚጠይቀው። በዚያ ዘመን ክንዳቸው የተሰበረ ሴቶች ብዙ ነበሩ።

ብርድ ሲሆን የእጁ አንጓ ይጠዘጥዘው ነበር። ከከረጢቶቹ ላይ በርኖሱን ፈትቼ በልኩ ቆረጥኩና ለሁለቱ እጆቹ መጠቅለያ ሰፋሁለት። እስኪያረጅ፣ እስከ መጨረሻው ክረምት ድረስ አድርጎታል። አሁንም አድርጎታል። ገናዦቹ ሊያወልቁት ሲሉ እንዲተዉት ለመንኳቸው፤ እግሩን በክር አስረው፣ እጆቹን ፈትተው፣ ከነበርኖሱ ጎንና ጎኑ አስቀመጡለት።